የአሮጌዋ ሆንዳ ሂሳብ

መጀመሪያ ብሩን እንነጋገር። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አሮጌዋን ሆንዳ ሞተር ሳይክሌን ከጨረታ ያነሳኋት በ28 ሺህ ብር ነው። ግዢውን ጨምሮ፣ ታድሳ መንገድ እስክትወጣ ድረስ የወጣባት ሁሉ ሲደመር 95 ሺህ ብር ገደማ ሆነ። ካለቀች በኋላ የመጣልኝ ትልቁ ዋጋ 75 ሺህ ነው። በሽያጭ ካሰብነው 20 ሺህ ብር ከስሬያለሁ ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ያረጀ ሞተር ማደስ ያዋጣል ባይ ነኝ። ሁሉም ሞተር ግን አይደለም። ሥራ የሚጠብቀው ሞተር ከሆነ ያዋጣል። አድሼ አተርፍበታለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው፣ በእኛ አገር ገበያ፣ ብሩን ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ይህን የምለው ሁለቱንም ከአንድ ቤት ስላየሁት ነው። እኔ ሆንዳ አደስኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ቬስፓ አደሰ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለችኝ፤ ግማሹን ቀን ግን ሱቁ ውስጥ አልገኝም። ቱላ፣ ሸበዲኖ፣ ቦርቻ፣ አንዳንዴም እስከ ይርጋለም እየተጠራሁ እሄዳለሁ። ላም ማማጥ አቅቷት፣ ጥጃ ተቅማጥ ይዞት፣ በሬ አልነሳ ብሎ። ሞተር ሳልገዛ በፊት የምሄደው በባጃጅ ኮንትራት ነበር። ከአስፋልት ወጣ ያለ ቀበሌ ከሆነ ባጃጁ የሚጠይቀው ዋጋ እኔ ለሕክምናው ከምጠይቀው ጋር ይስተካከላል። ገበሬው ሁለቱን መክፈል አይችልም፤ ስለዚህ አንዱ ከእኔ ኪስ ይወጣል። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የለም። በእንሰት መሃል፣ በጭቃ፣ በጨለማ የሚገባልሽ ሹፌር ከየት ይመጣል? በስልክ ብቻ “እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ” እያልኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ጠዋት ስደርስ ጥጃው ሞቶ አገኘዋለሁ።

ስለዚህ ሞተር ያስፈልገኝ ነበር። አዲስ የህንድ ሞተር ግን በእጄ ካለው ብር ከእጥፍ በላይ ነበር። በእጄ የነበረው የእቁብ ብር ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ የእቁባችን እናቶች አንዷ ፍሪጅ፣ አንዷ ወርቅ ግዢ አሉኝ። ሞተር ልገዛ ነው፣ ያውም አሮጌ ስላቸው ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ “ቁራሌ እንኳ የማይወስደውን ብረት?” አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእኔ አዝነው ነው።

ጨረታው የአንድ መሥሪያ ቤት ነበር። እንዲህ ዓይነት ግቢ በደቡብ ከተሞች የማያውቅ የለም። ፕሮጀክት ይመጣል፣ ሞተር ይገዛል፣ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ሞተሩ ግቢው ጥግ ላይ ይቀራል። ጎማቸው ተንፍሶ፣ በቸርኬያቸው መሃል ሣር በቅሎ፣ ወንበራቸው ተቀዶ ተደርድረው ነበር። አብዛኞቹ ያማሃ፣ ጥቂቶቹ ሆንዳ ናቸው።

የሁሉም ሰው ዓይን ያረፈው ያማሃ ዲቲዎቹ ላይ ነው። የእኔም። ዲቲ ከፍ ያለች፣ ቀጠን ያለች ሞተር ናት። ዘሯ የሚጀምረው በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣችው 250 ሲሲ ዲቲ ነው፤ አስፋልትም ኮረኮንችም እንድትሄድ ታስባ የተሠራች ሞተር ናት። በገጠር ያደገ ሰው ድምጿን ከሩቅ ያውቃል። ችግሩ ቱ ስትሮክ መሆኗ ነው። ዘይትና ቤንዚን አብራ ታቃጥላለች። ያማሃ ዘይቱን በራሷ ፓምፕ እየለካች እንድትቀላቅል አድርጎ ሠርቷታል፤ ፓምፑ ሲያረጅ ግን ሰው ነቅሎ ይጥለውና ዘይቱን በግምት ታንከሩ ውስጥ ይጨምራል። ሲበዛ ካንዴላው፣ ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰው ማለት ነው፣ ይቆሽሻል። ሲያንስ ፒስተኑ፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚወጣ የሚወርደው ብረት፣ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል።

እኔን ያዳነኝ የሜካኒኩ ምክር ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ አካባቢው ሁሉ “ጋሼ” ነው የሚላቸው። ከጨረታው በፊት ሄጄ ሳማክራቸው ስለ ሞተሩ ምንም አልጠየቁኝም። “ልጄ፣ መጀመሪያ መናኸሪያ ሂጂና ዕቃዋን ጠይቂ። ዕቃው ያለውን ሞተር ግዢ” አሉኝ። ሄድኩ። መናኸሪያ አካባቢ ያሉትን መለዋወጫ ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ። ለዲቲ ፒስተን ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ “ከአዲስ አበባ ይታዘዝልሻል፣ ቀብድ ትከፍያለሽ።” ጨረታው ላይ ለነበረችው ሆንዳ፣ ለሲጂ 125፣ ስጠይቅ ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ከመደርደሪያው አወረደልኝ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ሲጂ 125 የወጣችው በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። ሆንዳ የሠራት አቧራ ለበዛበት፣ ዘይት በሰዓቱ ለማይቀየርበት፣ ጭነት ከልክ በላይ ለሚጫንበት አገር ነው። የብዙዎቹ ሌሎች ሆንዳዎች ቫልቮች፣ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮቹ ማለት ነው፣ የሚከፍታቸው ካም የሚባል ዘንግ ከላይ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ውስጥ ሆኖ በቀጭን ሰንሰለት ይዞራል። ሲጂ ላይ ያ ሰንሰለት የለም። ካሙ ታች ነው፤ ቫልቮቹን በሁለት የብረት ዘንግ ወደ ላይ እየገፋ ይከፍታል። ሰንሰለት ከሌለ የሚረግብም የሚበጠስም ነገር የለም። ቻይናዎች ይህን ሞተር ወደዱትና ገለበጡት። ዛሬ ከተማችን ውስጥ ከሚርመሰመሱት የቻይና ሞተሮች የብዙዎቹ ሆድ ዕቃ ሲጂ ነው። ስለዚህ የእኔ አሮጌ ሞተር ወንድሞቿ በሕይወት አሉ። ፒስተን፣ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች)፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ሁሉም አለ። የማደስ ዋጋ የሚወሰነው ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በሞተሩ ዕድሜ ወይም በዝገቱ ብዛት የሚፈራ ሰው አያለሁ። ዝገት ይጠረጋል። የሌለ ዕቃ ግን ቶርኖ ቤት ሄደሽ ታስቀርጪዋለሽ፤ ያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

ሁለተኛው ነገር ሊብሬ ነው። ጨረታው ግቢ ውስጥ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን በጨርቅና በቤንዚን ጠርጌ ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። ከነበሩት ሞተሮች አንዷ በጣም የምታምር ነበረች፤ የሞተር ቁጥሯ ግን ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። መሃል ላይ ሞተሩን ቀይረውባታል። እሷን የገዛው ሰው ሞተሯን አስነስቷታል፤ ስም ማዞሩ ግን እስካሁን አላለቀለትም። ታርጋና ቦሎ የሌለው ሞተር ደግሞ በር ላይ የቆመ ጌጥ ነው። ጎማው ላይ፣ ፒስተኑ ላይ ከመከራከራችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ። ነፃ ነው፣ ብር አይጠይቅም።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንግባ።

የጋሼ ጋራዥ አቶቴ አካባቢ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ግን ሁሉም በየመልኩ ተደርድሯል። ሞተር ሲፈቱ እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይሰኩታል። ረዳታቸው ልጅ ካርቶኑ ላይ በእስኪርቢቶ ይጽፋል። ሞተሯ ስትወርድ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አንቺ ሂጂ፣ ማታ ነይ አላሉኝም። “ብርሽ ነው፣ እይው” ነው ያሉኝ።

ቴስታታው ተነሳ፣ ሲሊንደሩ ወጣ። ፒስተኑ በአንድ ጎኑ ተጭሯል። ፋሻዎቹ ቦይ ውስጥ ተጣብቀው በጥፍር አይነቃነቁም። ከዚያ ጋሼ ቢየላውን፣ ፒስተኑን ከታች ካለው ኮሎ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ይዘው ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁትና “ሰማሽ?” አሉኝ። ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ አለች። ቢየላ ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ጤና ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከተጫወተ ግን ኮሎው፣ የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ወጥቶ፣ ተፈልቅቆ፣ አዲስ ቢየላ ከነኩሽኔታው ይገባለታል። ይህችን ድምፅ ችላ ብሎ ፒስተን ብቻ ቀይሮ የሚገጥም ጋራዥ ብዙ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ለጥቂት ጊዜ ደስ ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ቢየላው ይወጣና ካርተሩን፣ የሞተሩን ቀፎ፣ ሰብሮ ይጨርሳል።

የቀኝ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጉድ አየን። ሲጂ እንደ መኪና የወረቀት ዘይት ማጣሪያ የላትም። ዘይቷ የሚጣራው በአንዲት ወንፊትና በሚሽከረከር ክብ ቤት ነው። ሲሽከረከር ቆሻሻው በኃይል ወደ ዳር ተወርውሮ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የእኔዋ ውስጥ የተለጠፈው ዝቃጭ የቡና አተላ ነው የሚመስለው። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ እየፋቁ አወጡት። ሞተሯ የምትይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ያንን አንድ ሊትር የቀየረላት ሰው ለዓመታት አልነበረም። ሲጂ አላችሁና ይህን ክዳን አስከፍታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከቀለም በፊት እሱን አስከፍቱ።

ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ቤት ሄደ። የሲጂ ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሲያረጅ ይሰፋል፣ ክብነቱንም ያጣል። ስለዚህ ውስጡ ይላጥና ተለቅ ያለ ፒስተን ይገባለታል። ፒስተኑ በሩብ በሩብ ሚሊ ሜትር እያደገ ይሸጣል፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1። የእኔዋ 0.50 ላይ ጸዳች፤ ገና ሁለት ዕድሜ ቀርቷታል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጋሼ አጥብቀው የሚናገሩት ነገር አለ። ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛል፤ ሲሊንደሩ የሚላጠው በዚያው ፒስተን ልክ ነው። መጀመሪያ አስልጦ ከዚያ ፒስተን የሚፈልግ ሰው ወይ ይጠብበታል፣ ወይ ይሰፋበታል።

አንድ ሱቅ ኦሪጅናል ነው ብሎ በውድ የሸጠልኝ ፋሻ ነበር። ጋሼ ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ከተቱትና ጫፍና ጫፉ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ ለኩት። ከሚገባው በጣም ሰፊ ነበር። ሱቁ አልመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ ስሙ የታወቀ፣ ግን ርካሽ የሆነውን የቻይና ፋሻ ገዛን፤ እሱ ልክ መጣ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለሚያምን ሰው ይህ ከባድ ትምህርት ነው። መለኪያ አይዋሽም።

ሥራው መሃል ላይ ሳለ ሐምሌ 2016 መጣ። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ሱቆቹ ዕቃ መሸጥ አቆሙ። የሚሸጡት ደግሞ ዋጋውን በስልክ እየጠየቁ ነው የሚነግሩሽ። ጎማና ሰንሰለት ያልገዛሁት ለመጨረሻ ብዬ ነበርና በአዲሱ ዋጋ ገዛሁ። ከ95 ሺው ውስጥ ቀላል የማይባለው የዚያ ክረምት ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚጀምሩ ሰዎች የምመክረው አንድ ነው። ሞተሩ ተፈቶ የሚያስፈልገው ሁሉ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ ዕቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ እያቆራረጣችሁ አትግዙ።

ታንከሩን ቤት ወስጄ ራሴ ነው ያጸዳሁት። ውስጡ ዝገት ነበር። ዝገት ያለበት ታንከር ላይ ካርቦራቶር ማጠብ ከንቱ ድካም ነው፤ በሳምንቱ ይደፈናል። አሮጌ ዳዶዎች ሰብስቤ ከተትኩበት፣ አቼቶ ሞላሁበትና አሳደርኩት። ጠዋት ጠዋት እያንቀጫቀጭኩ መለስኩት። የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ቡናማ ነው፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ እየጠራ ሄደ። በመጨረሻ በሶዳ ውሃ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ዝገቱ ሳይመለስ ቤንዚን ሞላሁበት። የአቼቶው ዋጋ ከአዲስ ታንከር ጋር አይወዳደርም።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልልም። ቀይ ነበረች፣ ቀይ ሆነች። ክሮሙ እንዳለ ነው የቀረው። ወንበሩን ልብስ ሰፊ ሳይሆን የባጃጅ ወንበር የሚሠራ ልጅ ሰፋልኝ፤ ዝናብ የማይዘልቀው አድርጎታል።

አንድ ነገር ግን ማለፍ አልችልም፤ እሱም አየሩ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ እዚህ ስትደርስ ከስድስት እጅ አንዱ እንደሄደ ቁጠሩት። ይህ የማይቀር ነው። ሊስተካከል የሚችለው ግን ቤንዚኑ ነው። ካርቦራቶሩ ከፋብሪካ የመጣው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አየር ተመጥኖ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ቤንዚን ይበዛበታል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅ ይበላል። ሰው ይህን ሲያይ “ሞተሩ አርጅቷል” ይላል። ጋሼ ትልቁን ጂግለር፣ ቤንዚኑን የምታሳልፈዋን ባለቀዳዳ ብሎን ማለት ነው፣ አንድ ደረጃ ጠበብ ባለችው ቀየሩት። የካርቦራቶሩን መርፌም አንድ እርከን ዝቅ አደረጓት። ከዚያ ወደ ጥቁር ውሃ ወጥቼ ጋዙን ከፍቼ ሄድኩና አጥፍቼ ካንዴላውን ፈታሁት። መልኩ ቡናማ ሆኗል። ዋጋዋ ከሁለት ሻይና ዳቦ ብዙ የማይበልጥ ብሎን ናት። በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትወስደኝ ያኔ ነው። ሀገረ ሰላም ከወጣሁ፣ ያ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አሁንም ትደክማለች፤ ግን አታፍንም።

ብዙ ሰው የሚከራከረው የእጅ ዋጋ ላይ ነው። ጋሼ ለጠቅላላ ሥራው 15 ሺህ ብር ጠየቁኝ። አንድ ጓደኛዬ “በዚያ ብር ሁለት ጎማና ባትሪ ትገዣለሽ፣ ቀንሺ በያቸው” አለችኝ። አልቀነስኩም። እኔ ራሴ በእጄ ሥራ ነው የምኖረው። መርፌ ለመውጋት ብቻ ነው የመጣሽው ተብሎ ግማሽ ዋጋ ሲሰጠኝ ምን እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። ያቺን ጠቅ የምትል የቢየላ ድምፅ የሰማው የእሳቸው ጆሮ ነው። ከ95 ሺው ውስጥ ያለ ጥርጥር ዋጋውን ያወጣው ያ 15 ሺህ ነው። በዚያ ላይ ረዳታቸው ልጅ ነበር። የሲጂ ቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልጁ በእኔ ሞተር ላይ መለካት ተማረ። መጀመሪያ አጥብቆት ነበር፤ ጋሼ አልተቆጡም፣ ፍታውና እንደገና አሉት። አዲስ ሞተር ስንገዛ ብራችን በመርከብ ይወጣል። አሮጌ ሞተር ስናድስ ቢያንስ የተወሰነው አቶቴ ውስጥ ይቀራል፣ በልጅ እጅ ላይም ሙያ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ወንድሜ።

ወንድሜ ቬስፓ ወዳጅ ነው። ቬስፓ ታሪኳ ያምራል። ጣሊያን ውስጥ ፒያጆ በ1946 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣት። የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ሌላ ሞተር የቧንቧ ሻንሲ የላትም። አካሏ ራሱ የተጠፈጠፈ ላሜራ ነው፣ እሱው ይሸከማታል። ለዕድሳት ችግሩም ይኸው ነው። የሆንዳ ፓራፋንጎ ቢዝግ ነቅለሽ ትጥይዋለሽ። የቬስፓ ወለል ከዛገ የዛገው አከርካሪዋ ነው። ወንድሜ ምንጣፏን ሲያነሳ መሬቱ ታየው። ላሜራው ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ስቱኮ ተቀብቶ፣ ተሞርዶ፣ እንደገና ተቀባ። ከእኔ ሆንዳ እጅግ የሚበልጥ ብር የፈሰሰው ቆርቆሮ ላይ ነው። ሞተሯ እንኳ ቀላል ነበር። የከተማችን ባጃጆች ዘራቸው ከቬስፓ ነው የሚመዘዘው። ፒያጆ በቬስፓ ላይ ተመሥርቶ ባለሦስት እግሯን አፔ በ1948 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያም ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው ማምረት የጀመረው። በግራ እጅ እየተጠመዘዘ የሚገባው ማርሽ የዚያ ቅሪት ነው። ስለዚህ የሐዋሳ የባጃጅ ሜካኒክ ቬስፓ ስታመጪለት አይደነግጥም።

ቬስፓዋ አሁን ውብ ናት፤ ክሬም ቀለም፣ አዲስ ወንበር። ግን ገዢ የለም። ወንድሜ ያሰበው አዲስ አበባ ለመሸጥ ነበር። እዚያ ደግሞ ከ2011 ማብቂያ ጀምሮ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል፤ ፎቶዋን አይቶ የሚያደንቅ ይደውላል፣ የሚገዛ አይደውልም። ውጭ አገር ሌላ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ውስጥ ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ የምትባል አንዲት የ1951 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሞተር በጨረታ 929,000 ዶላር ተሸጣለች። ይህን ቪዲዮ ያየ ወጣት አሮጌ ሞተር ሁሉ ወርቅ ይመስለዋል። እዚያ ሰብሳቢ አለ፣ ሙዚየም አለ፣ የሞተሯን የውድድር ታሪክ የሚመረምር ባለሙያ አለ። እዚህ ሞተር የሚገዛው ሰው የሚጠይቀው “ስንት ኩንታል ትጭናለች?” ብሎ ነው። ትክክለኛ ጥያቄም ነው።

ወንድሜ ግን ቬስፓዋን ይወዳታል፤ እኔም እሁድ ጠዋት ወደ ሐይቁ ሲነዳት ሳያት ደስ ይለኛል። ለደስታ ከሆነ ለደስታ ይሁን፣ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ትርፍ ብሎ መጀመሩ ነው ያደከመው።

የእኔ ሂሳብ እንዲህ ነው። በፊት በወር ለባጃጅ ኮንትራት የሚወጣው 9 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። አሁን ቤንዚኑ፣ ዘይቱ፣ ካላማዳሪያ ማስጠገኑ ሁሉ ተደምሮ 4 ሺህ አይሞላም። ልዩነቱ በወር 5 ሺህ ነው። 95 ሺው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። በዚህ ውስጥ ሌሊት ተጠርቼ የደረስኩባቸውን ላሞች አልቆጠርኩም። ባለፈው ክረምት ቦርቻ ውስጥ አንዲት ክልስ ላም ጥጃዋ በአንድ እግሩ ብቻ መጥቶ ተቀርቅሮ ነበር። ቤተሰቡ ያለው ሀብት ያቺ ላም ናት። ደርሼ እግሩን መልሼ አስተካክዬ ጥጃው በሕይወት ወጣ። እነሱ የከፈሉኝ ዋጋ እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም፤ ላሟም የለችም።

እርግጥ ሁሉም አልጋ በአልጋ አይደለም። ሆንዳዋ ከበሮ ፍሬን ናት። ዝናብ ላይ ረግጠሽ ወዲያው የምትቆም ሞተር አይደለችም። በየጊዜው አስከፍቼ የፍሬን ሸራዋን አያለሁ፤ ጎማዋ ላይም አልቆጥብም። አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው ጥርሱ ገና ያላለቀ ጎማ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ለዓመታት የቆመ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይደርቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ብር ካጠረ ቀለሙ ይቅር፣ ፍሬቻው ይቆይ፤ ጎማና ፍሬን አይቅር። ሄልሜትም እንዲሁ።

ሰሞኑን አንድ የይርጋለም ወጣት ጠይቆኛል። አንዲት ዲቲ በ40 ሺህ ብር አግኝቷል፤ ሞተሯ ትነሳለች፣ ሊብሬዋ ግን “ጠፍቷል” ብለውታል። መልሴ አጭር ነው፦ ተዋት፣ ወንድሜ። ሊብሬው ተገኝቶ ቁጥሩ ከገጠመ ግን ብር ሳትከፍል በፊት ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ለዚያች ዲቲ ፒስተንና ፋሻ የሚያመጣልህን ሱቅ ፈልግና ዋጋውን በወረቀት አጽፍ። ከዚያ ሲሊንደሯን አስከፍተህ ቢየላዋን ወደ ላይ ወደ ታች የሚነቀንቅልህ ሰው ይዘህ ሂድ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ እኔም መምጣት እችላለሁ፤ ይርጋለም የማያት አንዲት ጊደር አለችኝ።